አርጎን ሌዘሩ ለሞተበት ወንድም

ወንድሜ፣ «የኮንፎካላችን አርጎን ሌዘር ሞተ፣ ቱቦውን ላስቀይር ወይስ ሶሊድ ስቴት ልግዛ?» ብለሃል። (ኮንፎካል ማለት ናሙናን በሌዘር ነጥብ በነጥብ እያበራ ምስል የሚያነሳ ማይክሮስኮፕ ነው፤ አርጎን ብርሃኑን በጋዝ ቱቦ ይሠራል፣ ሶሊድ ስቴት ደግሞ ያለ ጋዝ፣ በጠጣር ቁስ።) ቱቦውን እርሳው! እኛም አዲስ አበባ ላይ ከውጭ በእርዳታ በመጣ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ነው የምንሠራው። ያንተም እንደዚያው ይመስለኛል።

1. መብራት። አርጎን ከ1 ኪሎዋት በላይ በልቶ የሚሰጥህ በአስሮች የሚቆጠር ሚሊዋት ብርሃን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሙቀት ነው። ካጠፋኸው በኋላ እንኳ ቱቦው እስኪበርድ ማራገቢያው መዞር አለበት። መብራት ድርግም ሲል ግን ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል። የኛን የጨረሰው ይኸው ነው። ሶሊድ ስቴቱን ትንሽ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ይችለዋል፣ ጫጫታም የለውም።

2. ቁጥሩ። የግዢ ጥያቄው ላይ «488 ናኖሜትር» ብለህ ጻፍ፤ ከስሩም «ሌላ የሞገድ ርዝመት አንቀበልም» በል። እኔ 488 ብዬ ጠይቄ የግዢ ክፍሉ 473 አመጣልኝ። ርካሽ ነዋ! ሄጄ ስጮህ ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሁለቱም ሰማያዊ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። እንግዲህ አስረዳው። ጂኤፍፒ (ናሙናው ላይ አረንጓዴ የሚያበራው ፕሮቲን) በ473ም ይበራል፣ ችግሩ እሱ አይደለም። የኛ ማይክሮስኮፕ ዳይክሮይክ መስታወት (አንዱን ቀለም አንጸባርቆ ሌላውን የሚያሳልፈው) 488ን ወደ ናሙናው እንዲያንጸባርቅ የተሠራ ነው። 473 ሲመጣበት አብዛኛውን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ናሙናው ጋ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ «እናንተ ምሁራን ታስቸግራላችሁ» ተባልኩ። ሌዘሩ ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ ነው። ለትክክለኛው የሚቀጥለውን በጀት ጠበቅን፤ የማስተርስ ተማሪዎቼ ደግሞ ምስል ፍለጋ ሰው ቤት ሲለምኑ ከረሙ።

3. ፋይበሩ። ብዙ ሻጭ ሌዘሩን ሰጥቶህ ይሄዳል። ብርሃኑን ነጠላ ሞድ ፋይበር (ወደ ማይክሮስኮፑ የሚወስደው ቀጭን የመስታወት ክር) ውስጥ ማስገባት ያንተ ጣጣ ነው። የፋይበሩ ኮር (ብርሃን የሚያልፍበት መሃሉ) ስፋት 4 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ አስበው። ባለሙያ ከውጭ እናስመጣ ሲባል ዋጋውን ሰምተን ተውነው። እኔው በፓወር ሜትር (የብርሃን ኃይል መለኪያ) እያየሁ፣ ብሎኗን በስሱ እያዞርኩ አስገባሁት። ጉራ አይሁንብኝና ከግማሽ በላይ አሳልፌያለሁ! ያለ ሌዘር መከላከያ መነጽር ግን እንዳትነካው፤ ዓይን ከጠፋ አይመለስም።

ብር ከተረፈህ የ561 ናኖሜትር ሌዘር ጨምር። የድሮው 543 ሂሊየም ኒዮን 1 ሚሊዋት ገደማ ነው፣ ለኤምቼሪ (ቀይ ለሚያበራው ፕሮቲን) አይረባም። ነጭ ሌዘር (ብዙ ቀለም በአንዴ የሚሰጥ) ግዛ የሚልህን ሻጭ ግን ሸኘው፤ ለኛ ሥራ ትርፍ ነው።

ፕሮፎርማው ሲመጣ ዋጋውን ሸፍነህ እዚሁ ለጥፈው፣ ቁጥሮቹን አይልሃለሁ።