አንብቤ ልጨርስና እጽፋለሁ ለምትሉ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ጎንደር ነው፤ በጤና ሥራና በማስተማር። በዚህ ሁሉ ዘመን የተማሪ ጽሑፍ ሳነብ ኖሬያለሁ። ፕሮፖዛል፣ የመስክ ሪፖርት፣ አሳይመንት፣ የመመረቂያ ጥናት። ከዚያ ሁሉ ንባብ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ብዙና ጥሩ የሚጽፉት ልጆች ከጓደኞቻቸው የበለጠ ጎበዞች አልነበሩም። ቀድመው የሚጀምሩት ነበሩ። ጉዳዩ ገና በደንብ ሳይገባቸው እየጻፉ የሚገባቸው።

አብዛኛው ተማሪ ግን «መጀመሪያ አንብቤ ልጨርስ» ይላል። ንባብ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንዱ ጽሑፍ ሌላ አሥር ይጠቁማል። ፒዲኤፉ ስልክ ላይ ይከማቻል። ጥምቀት ይመጣል፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ማን ዶርም ይቀመጣል! ሴሚስተሩ ይጋመሳል። ከዚያ ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል ሌሊቱን በቡና፣ አንዳንዱም በጫት፣ ቁጭ ብሎ ማደር ነው። እንዲህ የተጻፈ ነገር ሳነብ ወዲያው አውቀዋለሁ። መጀመሪያው ረጅም ነው፤ መጨረሻው የተቻኮለ ነው፤ ዋናው ሐሳብ ደግሞ የሚመጣው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ተማሪው ምን ማለት እንደፈለገ የገባው ያኔ ነዋ። አንድ ወር ቀድሞ ቢጽፈው ኖሮ ያ የመጨረሻ ገጽ የመጀመሪያው ይሆን ነበር።

እኛ አገር ድርሰትን በየቀኑ የሚያሠራ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ አለን። የቅኔ ቤቱን ማለቴ ነው። ጎንደር ስሟ የገነነው በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት ነው፤ ለቅኔ ሰዎች የሚጠሩት ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዋድላን ነው። የተማሪው አዋዋል ግን የትም ቢሆን ተመሳሳይ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ እስኪበስል ተቀምጦ አይጠብቅም። ግሱን እያጠና፣ አገባቡን እየሰማ፣ ጎን ለጎን ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ፣ ይጀምራል። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀን ከሰው ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይ አጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ያወጣል ያወርዳል። ከዚያ የቆጠረውን ለየኔታ ወይም ቅኔውን ሰምቶ ለሚያርመው ረዳት፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል። ቤት ካልመታ ይታረማል። ምሥጢሩ ካልተሟላ ይነገረዋል። በማግሥቱ ደግሞ አዲስ ይቆጥራል፤ የትናንቱን መድገም የለም። ከሁለት ቤት ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

እዚህ ውስጥ ያለውን ጥበብ ልብ በሉ። ሥራው ትንሽ ነው፣ ግን አይቋረጥም። እርማቱ ከሥራው ብዙም አይርቅም። የሚሰማ ሰውም ሁልጊዜ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚጎድለው እነዚህ ሦስቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሥራው በአንዴ ሰማንያ ገጽ ሆኖ ይታየዋል። እርማቱ ከወር በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ጽሑፉን ከራሱ በቀር ማንም አላየውም።

ስለዚህ የቀናችሁን ድርሻ አሳንሱት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማጥናት አልሆንልህ ሲለው፣ የቲማቲም ቅርጽ ያላት የወጥ ቤት ሰዓት ሞልቶ ራሱን መፈተን ጀመረ። ዛሬ ፖሞዶሮ የሚባለው ዘዴ ከዚያ የመጣ ነው፤ ፖሞዶሮ በጣሊያንኛ ቲማቲም ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ስልካችሁ ላይ ሰዓት መሙላት ትችላላችሁ፤ ዳታውን ግን አጥፉት። በ25 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት መስመር ብትጽፉ ይበቃል። ነገም ትጽፋላችሁ። የምትጽፉበት ሰዓት ደግሞ በየቀኑ ያው ይሁን፤ ጠዋት ክላስ ከመግባታችሁ በፊት ያለው ለብዙ ሰው ይስማማል። «ሲመቸኝ» ያለ ሰው አይመቸውም።

ጽፋችሁ ስትነሡ ሁሉንም አሟጥጣችሁ አትነሡ። ቀጥሎ የምትሉት ነገር እየታያችሁ አቁሙ፤ እሱኑ በአንድ መስመር ጻፉና ተዉት። «ነገ፦ ለምን ይህን ቀበሌ እንደመረጥኩ» ብላችሁ ብቻ። ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ግማሽ ቀን ይበላል። ያቺ አንዲት መስመር ታድናችኋለች።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ቋንቋ ነው። በአማርኛ ታስባላችሁ፣ በእንግሊዝኛ እንድትጽፉ ትጠየቃላችሁ። ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት ከባድ ነው። ብዙ ተማሪ ሐሳብ የሌለው ይመስለዋል፤ ያጣው ግን ሐሳቡን ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ከእንግሊዝኛው የሙያ ቃል ጋር ቢደባለቅም ግድ የለም፤ ይህን ረቂቅ ማንም አያየውም። ለጓደኛችሁ እንደምታወሩት አድርጉት። ሐሳቡ መስመር ከያዘ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ማዞሩ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ደጋግሞ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ተማሪው ከመስክ ይመለሳል። ሪፖርቱ ላይ «በአካባቢው ከንጹሕ ውኃ አቅርቦት አንጻር ሰፊ ክፍተት መኖሩ ይስተዋላል» ይላል። ጠርቼ «ምን አየህ?» እለዋለሁ። «እናቶቹ ለአንድ ጀሪካን ውኃ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ» ይለኛል። «እስኪመለሱ ልጆቹ ከብቱ የሚጠጣበት ኩሬ ሄደው ይጠጣሉ።» ይኸው! ይህን ጻፈው ነው የምለው። ያየውን ያውቃል፤ በአፉም በደንብ ይናገረዋል። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ከ«ይስተዋላል» ኋላ ይደብቀዋል። «ከላይ በተገለጸው መሠረት»፣ «ከዚህ አንጻር»፣ «ክፍተት መኖሩ» የሚሉትን አውጥታችሁ ስታዩት ምንም ካልቀረ፣ መጀመሪያውኑ ምንም አልተባለም።

የመስክ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ያያችሁትን በዚያው ቀን ማታ ጻፉ። የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1947 ዓ.ም. (በ1954 እ.ኤ.አ.) ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው (ሳኒታሪያኑ) እዚህ ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1953 (እ.ኤ.አ.)፣ በደንቢያ ሜዳ ወባ ሺዎችን ፈጅቷል። ስለዚያ ወረርሽኝ ዛሬ የምናውቀው ቁጥሩንና ያየውን መዝግቦ ያቆየልን ሰው ስለነበረ ነው። እናንተም ነገ ሰው የሚፈልገውን ነገር ዛሬ እያያችሁ ይሆናል። ለአሳይመንት ብቻ አይምሰላችሁ።

የመመረቂያ ጥናት የምትጽፉ፣ ከመግቢያው አትጀምሩ። መግቢያ ከሁሉም ይከብዳል። ከሜቶዶሎጂው ጀምሩ። የት ሄዳችሁ? ስንት ሰው ጠየቃችሁ? እንዴት መረጣችሁ? ይህን ታውቁታላችሁ፤ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። ቀጥሎ ውጤቱን በሠንጠረዥ አስቀምጡና ከሥሩ ጻፉ። መግቢያው መጨረሻ ላይ ሲጻፍ ይቀላል፤ ወዴት እንደምትሄዱ ስለምታውቁት።

እየጻፋችሁ አታርሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ አምስቴ የሚያጠፋ ሰው ቀኑ ይመሽበታል። እርማት የራሱ ቀን አለው።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ ሰዋስው እንዲያቃና ብታደርጉት፣ መምህራችሁ ከፈቀደ፣ ክፋት የለውም። ጽፎ እንዲሰጣችሁ ግን አትጠይቁት። ገጹን ይሞላላችኋል፤ ማሰቡን ግን ከእናንተ ይወስዳል። የሌለ ጥናት ፈጥሮ እንደ ማጣቀሻ የሚያስቀምጥበት ጊዜም አለ። በዲፌንስ ቀን «ይህ ከየት መጣ?» ሲባል የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

መብራት ይጠፋል፣ ፍላሽ በቫይረስ ይበላሻል፣ ላፕቶፕ ይሰረቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የቀናችሁን ሥራ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ፤ ወይም ቴሌግራም ላይ አስቀምጡት። ደብተርም ይኑራችሁ። መብራት በሌለበት ማታ በደብተር የተጻፈ ገጽ ከምንም ይሻላል።

አስነጋሪ ፈልጉ። ከጓደኞቻችሁ ሁለት ወይ ሦስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማራኪ ግቢ ዛፍ ሥርም ይሁን ፒያሳ ሻይ ቤት፣ የጻፋችሁትን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። የሚሰማው ልጅ ምሁር መሆን የለበትም። «እዚህ ጋ አልገባኝም» ማለት ከቻለ በቂ ነው። አንባቢው ራሱ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ መቆረጥ አለበት። «ጎበዝ፣ አሪፍ ነው» ብቻ የሚል ጓደኛ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለሌላው ይሁናችሁ።

አድቫይዘራችሁን ደግሞ አትሽሹ። ብዙ ተማሪ ሥራው ስላላለቀ ያፍርና ይሰወራል። መምህሩም ረስቶታል ብሎ ይተወዋል። እንዲህ ወራት ያልፋሉ። ያላለቀውን ይዛችሁ ሂዱ። ግን «እዩልኝ» ብላችሁ አርባ ገጽ አትላኩ፤ ሥራ የበዛበት ሰው አርባ ገጽ ሲመጣለት ለቅዳሜ ያሳድረዋል፣ ቅዳሜም ሌላ ነገር ይመጣል። አምስት ገጽ ላኩና ኢሜይሉ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። «ገጽ 3 ላይ የናሙና አመራረጤ በቂ ምክንያት አለው ወይ?» በሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ እኔ ራሴ በዚያው ቀን ነበር የምመልሰው።