ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የሟቾች ቁጥር ለምን ይለዋወጣል? ጥያቄና መልስ ከአዳማ

የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቶን ብዙዎቻችን ሌሊት ከቤት ከወጣን ወዲህ፣ ከምትጠይቁኝ ሁሉ የሚበዛው ስለ ሟቾች ቁጥር ነው። የተማርኩት የመሬት ሳይንስ ስለሆነ የምችለውን ያህል ልመልስ። ለየት ብዬ ካልገለጽኩ ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጋሼ፣ የቱርኩ ጊዜ ጠዋት መቶዎች ተባለ፣ ማታ ሺዎች፣ በኋላ ከ50 ሺህ በላይ። መጀመሪያ ላይ እየዋሹን ነው?

አይደለም ወንድሜ። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር የሞተውን ሰው ሁሉ አይነግርህም። የሚነግርህ እስከዚያ ሰዓት የተገኘውን አስከሬን ነው። የካቲት 6 ቀን 2023 መሬት በመጠን 7.8 የተናወጠችው ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ 7.5 ተደገመ። በቱርክ ብቻ ከ53 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ፎቁ ተነባብሮ ሲወርድ ከስር ያለውን ለማውጣት ሳምንታት ይፈጃል።

ሩቅ ሳንሄድ የጎፋውን የመሬት መንሸራተት አስታውሱ፣ ሐምሌ 2024። መጀመሪያ 55 ተባለ፣ በማግስቱ ከ140 አለፈ፣ ከዚያ 229፣ ከዚያ 257። የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ 500 ሊደርስ ይችላል አለ። ሰው በእጁ ነበር የሚቆፍረው። ጎረቤት ለማዳን የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። እነሱን ጠዋት ማን ሊቆጥራቸው ይችል ነበር?

ታዲያ ቁጥሩ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ላይ ነው ማለት ነው?

አይ፣ ይወርዳልም። ቺሊ በ2010 መጀመሪያ 802 ሞተዋል አለች፤ የጠፉት ከሞቱት ጋር ተደምረው ነበር። ሲጣራ 525 አካባቢ ሆነ። የጃፓኑ የ1923 አደጋ ለብዙ ዘመን 142 ሺህ ሲባል ኖረ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያዩት አንዳንዱ ሰው አንዴ እንደጠፋ፣ አንዴ እንደሞተ ተጽፎ ሁለቴ ተቆጥሯል። አሁን የሚጠቀሰው 105 ሺህ ገደማ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ግን ተቃራኒ ነው። በ1906 ከ400 በታች ተባለ። ዛሬ ከ3 ሺህ በላይ እንደነበሩ ይታመናል። ድሆችና የቻይና ስደተኞች መዝገብ ላይ አልነበሩም፣ ከተማዋም ስሟ እንዳይጠፋ ፈርታ ነበር። ይህኛው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የሄይቲን ቁጥር አንዱ 300 ሺህ፣ ሌላው 80 ሺህ ይላል። የቱን እንመን?

ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። ጥር 12 ቀን 2010፣ መጠኑ 7.0። የሄይቲ መንግሥት በመጨረሻ 316 ሺህ አለ። የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ያስጠናው ረቂቅ ከ46 ሺህ እስከ 85 ሺህ አስቀመጠ። ቤት ለቤት ከተደረጉ ጥናቶች ሌላው ደግሞ ወደ 158 ሺህ ወሰደው።

ይህን ያህል የተራራቁት አስከሬን በገልባጭ መኪና እየተጫነ ከዋና ከተማዋ ወጣ ብሎ ቲታንየን በሚባል ቦታ በጅምላ ስለተቀበረ ነው። ስም የለ፣ ፎቶ የለ። መዝገብ የሚይዙት መሥሪያ ቤቶችም ፈርሰዋል፣ ሠራተኞቻቸውም ሞተዋል። ቤት ለቤት ሄዶ «ከቤታችሁ ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ያለቀበትን ቤት ማን ያንኳኳዋል? ቢንኳኳስ ማን ይከፍታል? ስለዚህ ስለ ሄይቲ የምትጽፉ አንዱን ቁጥር ብቻ ነጥላችሁ አትጥቀሱ። ከየት እስከ የት እንደሚገመት ጻፉ።

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግምት ያወጣል። ሰው ሳይቆጥር እንዴት አወቀ?

የመንቀጥቀጡን ኃይል፣ በዚያ ክልል የሚኖረውን ሕዝብና የቤቶቹን ጥንካሬ አቀናብሮ ያሰላል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ብሎ ያስጠነቅቃል። ምን ያህል እርዳታ ይላክ ለሚለው በጣም ይጠቅማል። የሞት መዝገብ ግን አይደለም፤ ዕለቱና ሰዓቱም የሟቾችን ቁጥር ይለውጣል። ኔፓል በ2015 የተመታችው ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ፈረሱ፣ ልጆቹ ግን ቅዳሜ ስለሆነ አልነበሩም። 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። በትምህርት ቀን ቢሆን ኖሮ ማሰብ ራሱ ይከብዳል።

አያድርገውና አዳማ ላይ ቢደርስ፣ መቁጠር እንችላለን?

እህቴ፣ እኔንም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። የሞተውን ለማወቅ መጀመሪያ ማን ይኖር እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በእኛ አቆጣጠር 1999 ነው። ከዚያ ወዲህ አዳማ ምን ያህል እንደሰፋች ታውቂያለሽ።

ፍራንኮ አካባቢ ያለን አንድ ግቢ አስቢ። ፊት ለፊት ባለቤቶቹ ይኖራሉ፣ ከኋላ በር ለበር የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች አሉ። አንዱ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች፣ አንዱ ውስጥ ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞች በደባልነት። ቅዳሜ ማታ የሚያድር እንግዳም አለ። ባለቤቷ የአንዱን ስም ታውቃለች፣ የሌላውን «ያ ባጃጅ የሚነዳው» ነው የምትለው። ሆቴሎቹም ሳምንቱን ሙሉ ለስብሰባ በመጣ ሰው ይሞላሉ።

እድር አለን ትሉኛላችሁ። አዎ፣ እድራችን ማን እንደሞተ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ግን ተከራይ ብዙ ጊዜ እድር የለውም። ሊጠፋብን የሚችለው እሱ ነው።

ስለዚህ ቤት አከራዮች፣ የእያንዳንዱን ተከራይ ሙሉ ስም፣ ስልክና የአንድ ዘመዱን ስልክ ደብተር ላይ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለእድሩ ጸሐፊ ስጡ፤ ቤቱ ከፈረሰ ደብተሩም አብሮ ይቀበራልና።

ፌስቡክ ላይ «10 ሺህ ሰው አለቀ» ሲባል ምን ልይ?

ማን ቆጠረ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኛውን አካባቢ ይዞ? የሞተ፣ የጠፋና የቆሰለ ተለይቷል? መልስ ከሌለው ሼር አታድርግ። ልጇን እየፈለገች ያለች እናት ታነበዋለች።

አስከሬን ሲበዛ በሽታ እንዳያመጣ ቶሎ በጅምላ መቅበር አይሻልም?

አይሻልም። በተፈጥሮ አደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ የሚያስነሳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ነው የሚለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቶሎ መቅበር እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ቶሎ መቅበርና ያለ ስም መቅበር ግን አንድ አይደሉም። ፊቱን ፎቶ አንሱ፣ ልብሱንና ኪሱ ውስጥ የተገኘውን መዝግቡ፣ የተገኘበትን ቤት ጻፉ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ ያንኑ ቁጥር መቃብሩ ላይ አድርጉ። ለአንድ ሰው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ዘመዱ ከወር በኋላ ከአርሲ ወይም ከወላይታ ሊፈልገው ሲመጣ የሚያሳዩት ነገር ይኖራል።