በሩ «ድምፅ አሰማ» ወይስ «ሲጢጥ አለ»?

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ አጫጭር ተረቶችን ወደ አማርኛ ስመልስ «ክሪክ» (የአሮጌ በር ድምፅ)፣ «በዝ» (የዝንብ)፣ «ረስል» (የቅጠል)፣ «ክላተር» (የሚንኳኳ ነገር) የመሳሰሉ ግሦች ይገጥሙኛል። እያንዳንዱ ግሥ ድምፁን ብቻውን ይገልጻል፤ እኔ ግን ሁሉንም «ድምፅ አሰማ» እያልሁ አልፋለሁ። አማርኛ ለድምፅ ቃል ያጥረዋል ማለት ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አማርኛ ለድምፅ ቃል አያጥረውም፤ የሚለየው ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ነው። እርስዎ በእንግሊዝኛው አምሳል ራሱን የቻለ ግሥ ስለሚፈልጉ እንጂ፣ ቃሉስ ከልጅነትዎ ጀምሮ በአፍዎ ያለ ነው። አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ ዝንብ ጆሮ ሥር ጥዝዝ ትላለች፤ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ቸስ ይላል፤ የእህል ጆንያ ከአህያ ጀርባ ሲወርድ ዱብ ይላል። ድምፁን የሚሥለው ቃል ራሱ በእርባታ አይለዋወጥም፤ ጊዜን፣ መደብንና ጾታን የሚሸከምለት «አለ» ነው። ድምፁን ያመጣ አድራጊ ሲኖር ደግሞ «አደረገ» ወይም «አሰኘ» ይተካል፤ «በሩን ኳ አደረገው» እንደምንለው ማለት ነው። ይህ መንገድ ዛሬም ክፍት መሆኑን ለማየት ከኮምፒውተር ጋር የመጣውን «ክሊክ» ይመልከቱ። በእንግሊዝኛው ራሱን የቻለ ግሥ የሆነው ቃል አማርኛ ውስጥ ሲገባ «ክሊክ አደረገ» ሆኖ፣ ከ«ኳ አደረገ» ጎን ተሰልፏል።

ቃላቱ ድምፁን እንዴት እንደሚሥሉ ለመረዳት አፈጣጠራቸውን መመርመር ያስፈልጋል። እጅዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው «ዝዝዝ» ሲሉ ንዝረት ይሰማዎታል፤ «ስስስ» ሲሉ ግን ንዝረቱ የለም። እንግሊዝኛው «በዝ» እና የእኛው «ጥዝዝ» በዚያው በሚነዝር ድምፅ የሚያልቁት፣ የእባብን ወይም የእንፋሎትን ድምፅ የሚገልጸው «ሂስ» እና የምጣዱ «ቸስ» ደግሞ በማይነዝረው የሚያልቁት ስለዚህ ነው። አማርኛ ከዚህ በላይ እንግሊዝኛ በመደበኛ የድምፅ ሥርዓቱ ውስጥ የሌለው ሀብት አለው፤ እርሱም በጠ፣ በቀ፣ በጨ፣ በጸ እና በጰ የሚወከለው የፈንጂ ድምፅ ወገን ነው። «ጠ» ስንል ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይለጠፋል፤ በጉሮሮ ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮችም ገጥመው ይዘጋሉ፤ በሁለቱ መካከል የታፈነው አየር ታምቆ ድንገት ይለቀቃል። በቡሄ ሰሞን እረኞች የሚያጮኹት ጅራፍ «ጧ» እንጂ «ዷ» የማይለው፣ ሹል ቅጽበታዊ ድምፅ ይህን የታመቀ አየር ስለሚሻ ይመስለኛል። «ዱብ» ግን ሁለቱም ተነባቢዎቹ የሚነዝሩ በመሆናቸው ክብደቱን ያሰማል። ዲቃላ ከምንላቸው ፊደላት መካከል ቧ፣ ሿ፣ ጧ፣ ፏ የመሳሰሉት፣ «ልብሷ» እና «ጽፏል» እንደሚሉት ካሉ የእርባታ ቅርጾች ሌላ፣ በእንዲህ ያሉ ቃላት ውስጥም በብዛት መገኘታቸው ሳይጠቀስ አይታለፍም። በእርግጥ መምሰል ማለት መቅዳት አይደለም፤ ዶሮ በደሴም በለንደንም ያው ዶሮ ሆኖ ሳለ፣ እኛ «ኩኩሉ» እንላለን፣ እንግሊዞች «ኮክ-ኤ-ዱድል-ዱ» ይላሉ።

ራሱን የቻለ ግሥ ከፈለጉም አማርኛ አለው፤ የእኔም አድናቆት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከድምፅ ቃሉ «ተን-» እና «አን-» በሚሉ መነሻዎች ግሥ ይመሠረታል። «ኳ» ካለው «ተንኳኳ» እና «አንኳኳ»፣ «ጠብ» ካለው «ተንጠባጠበ» እና «አንጠባጠበ»፣ «ኮሽ» ካለው «ተንኮሻኮሸ» እና «አንኮሻኮሸ» ይወጣሉ። «ተን-» ድምፁ የወጣበትን ነገር ባለቤት ሲያደርግ፣ «አን-» ያስወጣውን አካል ባለቤት ያደርጋል፤ የሥሩ መደጋገምም የድምፁን መደጋገም ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የወደቀ ጠብታ «ጠብ» ይላል እንጂ አይንጠባጠብም። ይኸው አሠራር «ተንቦገቦገ» እና «ተንቀጠቀጠ» በሚሉት ውስጥ ለብርሃንና ለእንቅስቃሴም ያገለግላል። የወሎ ሰው ከባቲና ከአምባሰል ቅኝት ጋር አዘውትሮ የሚያነሣው «እንጉርጉሮ» የሚለው ስምም የዚህ ቤተሰብ አባል ከሆነው «አንጎራጎረ» የተገኘ ነው። እንግዲህ የእርስዎ «ረስል» ሁለት መልስ አለው ማለት ነው፤ በነፋስ የሚወዛወዝ ለምለም ቅጠል ከሆነ «ተንሿሿ»፣ እግር የረገጠው ደረቅ ቅጠል ከሆነ «ተንኮሻኮሸ» ይባላል። እንግሊዝኛው ያልለየውን ተርጓሚው ከታሪኩ አንብቦ መለየት ይኖርበታል።

እውነተኛው ችግር ያለው እንግሊዝኛው ድምፅንና ጉዞን በአንድ ግሥ ሲጠቀልል ነው። በእንግሊዝኛ አውቶቡስ ዳገቱን «ያጓራል»፣ ጋሪ ድልድዩን «ይንኳኳል» («ክላተር») ማለት ይቻላል፤ በአማርኛ እንዲህ ቢጻፍ ግን ዐረፍተ ነገሩ ይሰበራል። አማርኛ ዋናውን ግሥ ለጉዞው ሰጥቶ ድምፁን በ«እየ-» ያስከትላል፤ «ከኮምቦልቻ የተነሣው አውቶቡስ እያጓራ የሐረጎን ዳገት ወጣ»፣ «ጋሪው እየተንኳኳ ድልድዩን ተሻገረ» ይላል። እንቅስቃሴው ቅጽበታዊ ሲሆን ደግሞ «በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ» እንላለን። ለ«ክላተር» የተቸገሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ድምፅ አሰማ» የሚለውንም ፈጽመው አይጣሉት። ደራሲው የድምፁን ዓይነት ሆን ብሎ ሲሰውር፣ ለምሳሌ በጨለማ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሲሰማ፣ ትክክለኛው ትርጉም እርሱ ነው።