ምስሉ ዕድሜ ይተነብያል ሲሏችሁ

የተወደዳችሁ ወጣት ባልደረቦቼ፣

አንዳንዶቻችሁ በራዲዮሎጂ ሥልጠና ላይ ያላችሁ ሐኪሞች ናችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ኮምፒውተር ሲቲ ስካን እንዲያነብ ለማድረግ የምትጥሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች። ስትወያዩ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ የሳንባ ካንሰር የተስፋፋበት ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የተጀመረለት መድኃኒትስ ይበጀው እንደሆነ ከምስሉ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ ትላላችሁ። በከፊል ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም አዲስ የትንበያ ቁጥር በቀረበላችሁ ጊዜ ሁሉ፣ ይህ ቁጥር የዕጢውን መጠን ለክተን ከምናውቀው በላይ ምን ጨመረልን ብላችሁ መጠየቅን እንድትለምዱ እፈልጋለሁ።

መለካቱ ራሱ የሚናቅ ሥራ አይደለም። ዕጢ ለሕክምና የሰጠው ምላሽ በምስል የሚለካበት፣ በ2000 ወጥቶ በ2009 የተሻሻለው ሬሲስት የተባለው መመዘኛ ቢበዛ 5 ዕጢዎች፣ ከአንድ የሰውነት ክፍል ደግሞ ከ2 ሳይበልጡ ተመርጠው ርዝመታቸው እንዲደመር ያዛል። ድምሩ ሕክምናው ሳይጀመር ከነበረው ቢያንስ 30 በመቶ ከቀነሰ ከፊል ምላሽ ተገኘ ይባላል፤ እስከዚያ ከተመዘገበው ትንሹ ድምር ቢያንስ 20 በመቶና 5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ግን በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። ሁለቱ መነሻዎች የተለያዩ መሆናቸውን ልብ የሚል ጀማሪ ብዙ አላየሁም። ድምሩ 80 ሚሊ ሜትር የነበረ ሕመምተኛ ከመጀመሪያዎቹ የሕክምና ዙሮች በኋላ ወደ 52 ቢወርድ 35 በመቶ ቀንሷልና ሁሉም ደስ ይለዋል። በሚቀጥለው ምስል 63 ሲሆን፣ ከ80 ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው አሁንም መልካም ነው ብሎ ይጽፋል፤ በመመዘኛው ግን ከ52 የ21 በመቶ ጭማሪ ስለሆነ በሽታው ገፍቷል፣ ሐኪሙም መድኃኒት ስለ መቀየር ማሰብ ይኖርበታል።

ችግሩ ያ 63 ራሱ ምን ያህል የሚታመን እንደሆነ ነው። ዕጢው የአየር ቧንቧውን ዘግቶ ከኋላው ያለው የሳንባ ክፍል ሲኮማተር፣ ካንሰሩ የት አልቆ የተኮማተረው ሳንባ የት እንደሚጀምር በተለይ ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር ሳይወጋ በተነሣ ምስል ላይ መለየት እጅግ ያስቸግራል። አንዱን ምስል በሳንባ መስኮት (ሳንባው ጎልቶ እንዲታይ በተስተካከለ የምስል ብርሃን)፣ ሌላውን በደረት መካከለኛ ክፍል መስኮት የለካ ሰው ደግሞ ምንም ያልተለወጠ ዕጢ አደገ ሊል ይችላል። በኒው ዮርክ ተሠርቶ በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 32 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞችን በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲቲ አንሥቷቸው ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ዕጢ አያድግም፤ የርዝመቱ ልኬት ግን በኮምፒውተር እየታገዘ እንኳ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 7 በመቶ ገደማ ይዋዥቅ ነበር። የእኛ ዕለታዊ የእጅ ልኬት ከዚያ ይሻላል ብሎ የሚከራከር ካለ ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

አሁን ወደ ሬዲዮሚክስ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከምስል ብዙ መለኪያዎችን አውጥቶ ለትንበያ ወደሚጠቀምበት ዘዴ፣ ልምጣ። በ2014 ሁጎ አርትስና ባልደረቦቹ የ1,019 የሳንባ እንዲሁም የራስና የአንገት ካንሰር ሕመምተኞችን ምስሎች መርምረው፣ ከእያንዳንዱ ዕጢ 440 መለኪያዎችን አውጥተው፣ ከእነዚህ በ4ቱ ብቻ የሕመምተኞችን የመኖር ዕድል መተንበይ እንደሚቻል አሳዩ። የሳንባው መነሻ መረጃ በኔዘርላንድ ማስትሪኽት በጨረር ከታከሙ 422 ሰዎች የተገኘ ነበር። ዓለም ተደነቀ፤ እኔም ተደንቄ ነበር። በ2019 ግን የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ዕጢው ውስጥ ያሉትን የምስሉን ነጥቦች በዘፈቀደ አደበላልቀው ያንኑ ስሌት ደገሙት። የዕጢው ውስጣዊ ገጽታ ጨርሶ ከጠፋ በኋላም ትንበያው ብዙም አልደከመም፤ ምክንያቱም ከ4ቱ መለኪያዎች አብዛኞቹ የዕጢውን ይዘት (ጠቅላላ መጠኑን) በሌላ መልክ የሚናገሩ ነበሩ። የረቀቀ ስሌት ይዘን የደረስነው ትልቅ ዕጢ ያለበት ሰው ያነሰ ዕድል አለው ወደሚለው ዕውቀት ነበር፤ ይህን ደግሞ ቀድሞም አናጣውም። ለማስትሪኽቶቹ ግን ክብር ይገባቸዋል፤ መረጃቸውን ለሁሉም ክፍት ባያደርጉ ኖሮ ይህ ፍተሻ አይደረግም ነበር።

ሌላው ወጥመድ ስታቲስቲክሱ ውስጥ ነው። ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ሕመምተኞች ካልቀነሰላቸው ይልቅ ረጅም ጊዜ ኖሩ የሚል ሥዕል ሲቀርብላችሁ፣ ከሁለተኛው ምስል በፊት የሞቱት የት ተቆጠሩ በሉ። ቀነሰለት ለመባል እስከዚያ ምስል ድረስ በሕይወት መቆየት ግድ ነው፤ ቀድመው የሞቱት በሙሉ ከሌላው ወገን ከተደመሩ ምስሉ ምንም ባይተነብይ እንኳ ልዩነት ይወጣል። መፍትሔው ከ1983 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ አንድ ቀን ቆርጣችሁ፣ ለምሳሌ 8ኛውን ሳምንት፣ በዚያ ቀን በሕይወት ያሉትን ብቻ ይዛችሁ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታወዳድራላችሁ። ይህን ሳያደርጉ የቀረቡ ጽሑፎች ዛሬም በገምጋሚነት እጄ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እንዴት ያማሩ ናቸው!

የሰውነትን የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣው ሕክምና፣ ኢሚዩኖቴራፒ፣ ሲመጣ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ጥቂት ሕመምተኞች ላይ ዕጢው መጀመሪያ ያደገ መስሎ ቆይቶ ይቀንሳል። በ2017 የወጣው የተሻሻለ የሬሲስት መመዘኛ የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ጠብቆ በሌላ ምስል ማረጋገጥን ያዘዘው ለዚህ ነው።

በአገራችን ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቲቢ በብዛት ባለበት አገር የድሮ ጠባሳና ካንሰር በአንድ ሳንባ፣ አንዳንዴም በዚያው የላይኛው ክፍል ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ንቁ የቲቢ ቁስል ደግሞ በፔት ስካን (የተወጋ ጨረር አመንጪ ስኳር የት እንደተከማቸ በሚያሳየው ምስል) ላይ እንደ ካንሰር ስኳሩን ስቦ ይደምቃል። ቲቢ ብርቅ በሆነበት አገር ምስል የሠለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል ጠባሳውን ከዕጢው ጋር አዳምሮ ይለካና የሕመምተኛውን ዕድል ያለ አግባብ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ሞዴል ከመጠቀማችሁ በፊት ቲቢ ታምመው በዳኑ የራሳችን ሕመምተኞች ምስል ላይ ፈትሹት።

መጀመር የምትፈልጉ የማስትሪኽቱን መረጃ ከኢንተርኔት ማውረድ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ዕድሜን፣ የበሽታውን ደረጃና የዕጢውን ይዘት ብቻ ይዛችሁ ትንበያ ሥሩ፤ ውጤቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሞዴላችሁን የምታሠለጥኑት ከዚያ በኋላ ይሁን። ካልበለጠ፣ አለመብለጡን ከነቁጥሩ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ለኅትመት እንዲበቃ አብሬያችሁ እሠራለሁ።