መልስ፦ ከተማውን ብቻ ልክሰስ ወይስ ፖሊሶቹንም? (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ካቴና ሲያስሩሽ እጅሽን የሰበሩት ፖሊሶች እያሉ ከተማውን ብቻ ከከሰስሽ ኬዙ ሊወድቅብሽ ይችላል፣ እነሱንም በየስማቸው በግል ክሰሻቸው። በሴክሽን 1983 (ፖሊስን የመሰለ የመንግሥት ሠራተኛ መብትሽን ሲጥስ የምትከሺበት የፌዴራል ሕግ ነው) ከተማው ቀጣሪ ስለሆነ ብቻ አይጠየቅም፣ ሱፕሪም ኮርት በ1978 በሞኔል ኬዝ የወሰነው ነው፣ ፖሊሲው ወይ የተለመደ አሠራሩ ለጉዳት እንደዳረገሽ ማሳየት አለብሽ እሱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ።

ስማቸውን እንድታገኚ የፖሊስ ሪፖርቱንና የቦዲ ካሜራውን ቪዲዮ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ስማቸውን ካላገኘሽ "ያልታወቀ ፖሊስ" ብለሽ ክስ ከፍተሽ የመክሰሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስም ልተካ ብትዪ ብዙ ጊዜ አይቀበሉሽም።

ደሞ ቨርጂኒያ ላይ ክስ ለመክፈት ያለሽ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ለፖሊስ ዲፓርትመንቱ ያስገባሽው አቤቱታ ቀነ ገደቡን አያራዝመውም፣ "እያጣራን ነው" እየተባለ ሲመላለስ ጊዜው ያለፈበት ሰው አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ ኬዙን የሚይዝለት ጠበቃም አላገኘ።