ጣሳው ከተደፋበት ደጅ፦ ስለ ጎንደር መጠጥ ቤቶች የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ይህን ዓምድ ለመጻፍ የከተማችንን መጠጥ ቤቶች ስዞር ደብዳቤዎቻችሁ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለው ጠበቁኝ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አቅርቤያቸዋለሁ፤ ከሁለቱ ደብዳቤዎች ስድቡን አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ጎንደር የመጡ አንባቢ፣ ማስታወቂያ ያልተሰቀለበትን ጠላ ቤት በምን እንደሚለዩት ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ደጁ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶ ካዩ ይግቡ፤ ካላዩ የሰው መኖሪያ ነውና አያንኳኩ።

ጥያቄ፦ የዳሽን ቢራ ፋብሪካ እዚሁ በመሆኑ ቢራው ከሌላ ቦታ ይልቅ ጎንደር ላይ ይጣፍጣል የሚሉ አንባቢ ከጓደኛቸው ጋር ተወራርደው ዳኝነት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ በጠርሙስ የታሸገው ቢራ ፀሐይ ካልመታውና ብዙ ጊዜ ካልቆየ በመኪና መጓዙ ይህን ያህል አይለውጠውም። የድራፍቱን ጣዕም ግን የሚወስነው በርሜሉ ከተከፈተ ስንት ቀን እንደሆነውና ቧንቧው መቼ እንደታጠበ ነው። ቧንቧውን የማያጥብ ግሮሰሪ ከፋብሪካው አጥር ሥር ቢከፈትም የሚቀዳው ድራፍት መኮምጠጡ አይቀርም። ሁለታችሁም ተሸንፋችኋልና ሂሳቡን ተካፈሉ።

ጥያቄ፦ «ከፒያሳ እስከ አዘዞ ስንት ቤት ዞረው ለአንዱም ከአምስት ይህን ያህል ብለው ነጥብ አልሰጡም፤ ፍርሃት ነው ወይስ የውለታ ነገር?» የሚሉ የተቆጡ አንባቢ አሉ።

መልስ፦ ውለታ የለብኝም፤ የጠጣሁትን ከፍዬ ነው የምወጣው፣ አንዳንዴም የሌላውን ጭምር። የታሸገ ቢራ ለሚሸጥ ግሮሰሪ ነጥብ መስጠት አያስቸግርም። መጠጡ የተሠራው ሌላ ቦታ ስለሆነ የሚመዘነው ወንበሩ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ንጽሕና፣ የድምፅ ማጉያው ጩኸትና የአስተናጋጁ ሂሳብ ነው፤ እነዚህም ከሰኞ እስከ እሑድ እምብዛም አይለዋወጡም። ጠላ ቤት የሚሸጠው ግን በየቀኑ የሚለወጥ ነገር ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የተወቀጠው ጌሾ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ ቂጣው ተቆራርሶ፣ ቀጥሎም እንኩሮው ገብቶ ድፍድፉ ይወፍራል፤ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይታፈናል። ጋኑ በተከፈተ ማግስት የሚቀዳው ጉሽ፣ ጠርቶ የሚቀዳው ጠላና አየር እየገባበት መኮምጠጥ የጀመረው የጋን መጨረሻ ከአንድ እጅ የወጡ ሦስት የተለያዩ መጠጦች ናቸው። በድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ደግሞ አራተኛ ነው።

ይህን የተማርኩት ካፈርኩ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ረቡዕ ቀን አንድ ጠላ ቤት ገብቼ የቀረበልኝ ጥርስ የሚያጠርስ ሆኖ ስላገኘሁት በማስታወሻዬ ላይ «አይደገምም» ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ጎትቶ እዚያው ቤት ሲመልሰኝ ግን የወይራው ጭስ ገና ያልለቀቀው፣ ጠቆር ብሎ የጠራ ጠላ ቀረበልኝ፤ የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ሁለተኛውን አዘዝኩ። ባለቤቷን ስለ ረቡዑ ብጠይቃቸው፣ «ያ እኮ የጋኑ መጨረሻ ነበር፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ አልነበረም?» አሉኝ። ማስታወሻዬ በዚያው ሳምንት ታትሞ ቢሆን ኖሮ የአንድ ረቡዕን ጠላ የአንዲት ሴት ሙያ አድርጌ እፈርድ ነበር። ጠላ የሚጠምቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ልጅ የሚያሳድጉትና የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ከዚያው ጋን በሚቀዳው ነው።

ስለዚህ ስለ ጠላ ቤት ስጽፍ በነጥብ ፈንታ የሄድኩበትን ዕለትና ጋኑ ከተከፈተ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ እጽፋለሁ። የማመሰግነው ቅራሪውን ቅራሪ ነው ብሎ በቅራሪ ዋጋ የሚሸጠውን ቤት ነው። ቅራሪውን በጠላ ዋጋ የሚያቀርበውን ወይም መጠጫውን በደፈረሰ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ለሌላ ሰው የሚቀዳበትን ግን እነቅፋለሁ፤ ለዚህኛው ጥፋት ቀኑ ምክንያት አይሆንም።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ከሁለት ሳምንት በፊት ከማያውቁት ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ የተገዛ አረቄ ጠጥተው በማግስቱ ዓይናቸው ጭጋግ እንደለበሰ፣ አሁን ግን «ግማሽ ያህል» እንደተሻላቸው ጽፈው ከእንግዲህ የትኛውን አረቄ ቢጠጡ እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

መልስ፦ የአረቄውን ጉዳይ እናቆየውና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። አረቄ ከተጠጣ በኋላ የዓይን መጋረድ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሜታኖል የሚባለው፣ ለኢንዱስትሪ እንጂ ለመጠጥ የማይሆን የአልኮል ዓይነት ነው። ይህ ነገር ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይንን ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ሰውየው ማታ ደኅና ተኝቶ በማግስቱ ማየት ሊያቅተው ይችላል፤ ባሰ ጊዜም ይገድላል። ቡና፣ ወተትና ሎሚ አያድኑም። የሆስፒታል መድኃኒት አለው፤ እርሱም በሰዓታት ውስጥ ሲደረስ ነው የሚበጀው። እርስዎ ሁለት ሳምንት ቢያልፍዎም የቀረው የዓይንዎ ብርሃን መመርመር አለበትና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ይዩ፤ የጠጡትንና የጠጡበትን ቀን ሳያፍሩ ይናገሩ፤ አብረውዎት የጠጡ ሰዎች ካሉም ይዘዋቸው ይሂዱ። አረቄ የምታወጣዋን ሴት፣ ድፍድፏንና ጎረቤቶቿን ማወቅ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ሻጩ የማይታወቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ይህንንም ያህል ዋስትና የለውም።

ጥያቄ፦ በጾም ጠላ መጠጣት ይፈቀዳል ወይ?

መልስ፦ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የማውቀው በዐቢይ ጾም ብዙ አዝማሪ ቤቶች ማሲንቋቸውን እንደሚሰቅሉ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር የሚዝናናበት «ርካሽና ጥያቄ የማይበዛበት» መጠጥ ቤት እንድጠቁመው ይፈልጋል።

መልስ፦ ልጄ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ጥያቄ የማይበዛበት ቤት ደግሞ ስለሚሸጠው መጠጥም ጥያቄ አይወድም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ ኮረፌ ከጠላ በምን እንደሚለይ ይጠይቃሉ፤ አያታቸው ይጠምቁት እንደነበር ጨምረው ነግረውኛል።

መልስ፦ ኮረፌ በጎንደር ዙሪያ ገጠር፣ በተለይም በቅማንት ዘንድ የሚታወቅ የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱ ተፈትጎ ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ ይታመሳል፤ ተፈጭቶም ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር በሸክላ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ከድፍድፉ ጥቂት ተጨልፎ ውሃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል። እንግዲህ አያትዎ ጓዳ ውስጥ ለወራት የሚሆን ድፍድፍ ነበራቸው ማለት ነው። አሁንም በሕይወት ካሉ ልኩን ከእኔ ሳይሆን ከእርሳቸው ይጠይቁ፤ ሲነግሩዎትም ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ጠጁ ቢጫ ከሆነ የማር ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ቢጫ ቀለም ከገበያ ይገዛል፤ ስኳርም በማር ፈንታ ይገባል። ብርሌ ሙሉ ከማዘዝዎ በፊት ጥቂት ያስቀምሱኝ ይበሉ፤ የጌሾው ምሬትና የማሩ ሽታ ከጣፋጭነቱ ጋር ካልመጡ ይተውት። ጠጅ የአልኮል መጠኑ ከቢራ በእጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል ከቀመሱ በኋላም ቢሆን ብርሌውን እንደ ውሃ አይጨልጡት።

ጥያቄ፦ በመጨረሻም፣ አንድ ራሰ በራ አንባቢ አዝማሪ ቤት ገብተው በራሰ በራነታቸው እንደተዘፈነባቸው፣ ዝም እንዲላቸው ገንዘብ ቢሰጡት እንደባሰበት ገልጸው ካሣ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ እንዳልልዎ ባለሙያው ይስቅብኛል። ለአዝማሪ የሚሰጥ ገንዘብ ሽልማት ነው፤ እርሱም የገባው «ግጥሙን ወድጄዋለሁ፣ ጨምር» እንዳሉት ሆኖ ነው። የሚያዋጣው «ተቀበል» ብሎ ራስዎ አንድ ስንኝ መስጠት ነው፤ የሰጡትን ደግሞ ማሲንቆውን እየመታ ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ስለ ጢሙ ወይም ስለ ጫማው አንድ ቤት ግጥም አዘጋጅተው ይሂዱ። ባርኔጣ አድርጌ እሄዳለሁ ያሉትን ግን ይተዉት፤ ስለ ባርኔጣው ይዘፍናል።