የገጠር ትምህርት ቤቶችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መደገፍ ለምትፈልጉ፦ ከጅማ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት በሚሰጥ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ለ6 ዓመት ገንዘብ ያዥ ነኝ። “እንርዳ፣ ግን እንዴት?” የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ በወር 200 ብር ብሰጥ ምን ይረባል? ትንሽ ሆኖብኝ አፈርኩ።

አትፈሪ እህቴ፣ በጣም ይረባል። የእኛ ችግር የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፣ የሚመጣበት ጊዜም ነው። ሐምሌ ላይ የችግኝ ተከላ ስለሆነ ሁሉም ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዝም ነው። ሥራው የሚከብደው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ዝናቡ ሲያቆም ነው። በጀመርንበት ዓመት አንድ ነጋዴ ድርጅት ብዙ ችግኝ ሰጠን፣ ባነር ተሰቅሎ ተተከለ፣ ለአጥር ግን አንድ ብር አልነበረም። ጥር ላይ ሄጄ ሳየው ፍየል ጨርሶታል። አንዷ ተማሪ የራሷን ችግኝ ጉቶ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር፣ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ያንቺ 200 ብር በየወሩ ከመጣ ሚስማርና የአጥር እንጨት ይሆናል፣ ለጥበቃውም ይደርሳል።

አሁን ልጆቹ ከቤት የሃይላንድ ጠርሙስ ያመጣሉ። ክዳኑን በመርፌ ይበሱታል፣ ቂጡን ይቆርጡትና ገልብጠው ከችግኙ ሥር ይቀብሩታል። ጠዋት ውሃ ይሞሉታል፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። መምህሯ በየጠርሙሱ ላይ የልጁን ስም በማርከር ጽፋለች። ስሙ ያለበትን ችግኝ ማንም ልጅ አያስደርቅም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ማኅበር መሆኑን በምን ልወቅ? ተበልቼ አውቃለሁ።

ያሳዝናል። መጀመሪያ የምዝገባ ሰርተፊኬት ጠይቅ፦ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ በክልል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከክልሉ መዝጋቢ። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ይሁን። “በእኔ ቴሌብር ላክልኝ” ካለህ አትላክ። አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ ስለዚህ የኦዲት ሪፖርታቸውን ብትጠይቅ ነውር የለውም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ “አምና ከተከላችሁት ስንቱ ጸደቀ?” የሚለውን ነው። “ይህን ያህል ተከልን” ብቻ የሚልህ ሰው ተመልሶ አልቆጠረም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አጋሮ ላይ የቡና ንግድ አለኝ። ስፖንሰር ብሆን ስሜ ይጠቀሳል? ከግብርስ ይቀነስልኛል?

ስምህ በችግኝ ጣቢያው በር ላይ ቢጻፍ ደስ ይለናል፣ የልጆቹ ፊት ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም። ግብሩን በተመለከተ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሕጋዊ ለሆነ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ደረሰኝ ያዝና ሒሳብ ሠራተኛህን አነጋግር። አንድ ነገር ልለምንህ፦ የአንድ ቀን ዝግጅት ሳይሆን የአንድ ትምህርት ቤት ክበብን ለ3 ዓመት ያዝ። ቡናው የሚሸጥበት ወቅትም ታኅሣሥና ጥር ነው፣ እኛ ዘር የምንዘራበትና አፈር በፕላስቲክ የምንሞላበት ጊዜ። ይገጥማል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ደብተር እንኳን የላቸውም፣ ችግኝ ምን ያደርግላቸዋል?

ጥያቄህ ልክ ነው፣ ደብተርም እንገዛለን። ግን የነዚህ ልጆች ደብተር የሚገዛው በቡና ነው። እዚህ ቡና በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ጥላው ተቆርጦ ባህር ዛፍ ሲተካ የልጁ ቤት ገቢ ነው አብሮ የሚቆረጠው። ከተራቆተው መሬት በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ደግሞ የግልገል ጊቤን ግድብ ይሞላዋል። በሌላ በኩል እዚሁ ጅማ ዞን ያለውን የበለጠ ጌራን ደን እዩ፣ ገበሬዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ደኑን ይጠብቃሉ፣ ከደኑም ቡና ይለቅማሉ። ልጆቹን ስንወስዳቸው ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ የሚያስተምራቸው ያ ነው። ለአንድ ጉዞ የመኪና ኪራይ ብትችሉ ትልቅ ስጦታ ነው።

ጥያቄ፦ ዘካዬን ለዚህ ማውጣት እችላለሁ?

ዘካ የራሱ ተቀባዮች አሉት፣ ኡስታዝህን ጠይቅ። ሰደቃ ግን ይሆናል። ሙስሊም የተከለው ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ሐዲሱ የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ነው ያለሁት። ያገለገለ ልብስና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ልላክ?

እባክህ አትላክ ወንድሜ። ማጓጓዣው ከዕቃው ይበልጣል። ገንዘቡን በባንክ በማኅበሩ ሒሳብ ላክና አካፋና ውሃ ማጠጫ እዚሁ ይገዛ። አንድ ልጅ መርጠህ መርዳትም አንደግፍም፣ ሌሎቹ ሲያዩ ይከፋቸዋል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ግብርና። ገንዘብ የለኝም።

አፋን ኦሮሞ ትችላለህ? አብዛኞቹ ልጆች የሚማሩት በእሱ ነው፣ የእኛ የችግኝ መመሪያ ደግሞ እስካሁን በአማርኛ ብቻ ነው። ተርጉምልን። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው በር አጠገብ እንገናኛለን፣ ቦት ጫማ ካለህ አድርግ።